ወደ ግራ ያዘመመችው ማነጣጠሪያ

በቦንጋና በአካባቢዋ ትልቅ ሰው ሲሞት፣ አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ ሦስት ጥይት ወደ ሰማይ የሚተኩሱት ጋሽ ሀብተሥላሴ ነበሩ። በወረዳው ፈቃድ የያዟት አሮጌ ስታር ሽጉጥ አለቻቸው። እሳቸው የቀሩበት ቀብር የሟቹን ቤተሰብ ቅር ያሰኛል፤ ዝናብ ይሁን ጭቃ፣ ጋቢያቸውን ደርበው ከች ይላሉ።

በዘጠና ሁለት ዓመተ ምሕረት፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ ለቀብር ወደ ዋጫ ከተማ ሄደው ከአይሱዙ ሲወርዱ ሽጉጧ ከወገባቸው ሾልካ ድንጋይ ላይ ወደቀች። አፈሙዟ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ ማነጣጠሪያ ተሰብራ ቀረች። በማግስቱ በጨርቅ ጠቅልለው ውባየሁ ቤት ይዘዋት መጡ።

ውባየሁ ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው፣ በረንዳው ላይ ሰዓትና ሬዲዮ እየጠገነ የሚኖር ሰው ነው። ሙያውን ያስተማረው የለም፤ እየፈታ፣ እየገጠመ፣ እያበላሸም ጭምር ነው የለመደው። ሽጉጥ ግን ነክቶ አያውቅም።

«ያለሷስ ምን ይጎድልባታል ጋሼ? ሰማይ እንደሆነ አይሳትም» አለ እየሳቀ።

«ጥርሷ የወለቀ ሙሽራ መሰለችብኝ እኮ! በዚህ መልኳ ሰው ፊት እንዴት አወጣታለሁ? በል አንተ፣ አስተካክልልኝ።»

ውባየሁ የጦር መሣሪያ በቤት ውስጥ መጠገን እንደሚያስጠይቅ ያውቃል። እምቢ ማለትም ይችል ነበር። ነገር ግን «እጁ የማይችለው የለም» መባልን ይወዳታል፤ ይቺን ነገሩን ራሱም ያውቃታል፤ በጸሎቱም ሲናዘዛት ኖሯል። ጥይቱን አውጥቶ ለሳቸው መለሰና ሽጉጧን ወደ ጓዳ አስገባት።

«ደግሞ ይቺን ከየት አመጣሃት?» አለች ሚስቱ ጽጌ፣ በሩን እየዘጋች።

«የጋሽ ሀብተሥላሴ ናት። ሦስት ቀን ብቻ።»

የማነጣጠሪያዋን ስባሪ ከተሰካበት ጎድጓዳ ቦታ አንኳኩቶ አወጣ። ከአሮጌ የበር ማጠፊያ ቁራጭ ብረት ቆርጦ፣ ሦስት ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሞረደው። እየሞረደ ይለካል፣ እየለካ ይሞርዳል። በሦስተኛው ቀን ማነጣጠሪያዋን ቦታዋ ላይ አስቀምጦ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያለ መታት። በበቃት ላይ አንድ ምት ጨመረ። የጎድጓዳው ጠርዝ ለቀቀና ማነጣጠሪያዋ ወደ ግራ ዘመመች። ብዙ አይደለም፤ የጥፍር ውፍረት ያህል ብትሆን ነው።

ውባየሁ አያት። መልሶ ቢያወጣት ጠርዙ ይብስበታል፤ «አበላሸሁት» ብሎ ለባለቤቱ መናገር ይመጣል። ሽጉጧን አገላበጣት። ደግሞስ ለሰማይ አይደለችም? በሷ አሻግሮ የሚያነጣጥር ማን አለ?

«እንዴት ሆነች?» አለች ጽጌ።

«አለቀ» አላት።

ጋሽ ሀብተሥላሴ መጥተው ሽጉጧን ወደ ብርሃኑ አነሷት፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መነጽሬን አልያዝኩም። ቀጥ ብላለች?»

«ቀጥ ብላለች፣ ጋሼ።»

መርቀውት ሄዱ። ሁለት ወር ሲያልፍ ውባየሁ ነገሩን እየረሳው መጣ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ለሃጩን የሚያዝረበርብ እብድ ውሻ ሰፈሩ ውስጥ ገባ። ሰዉ ዱላ ይዞ ሲያባርረው ባላቸው የሞተባቸው የእትዬ የሺሃረግ ግቢ ዘሎ ገባና የማድቤቱ ጭቃ ግድግዳ ሥር ተሸጎጠ። ጋሽ ሀብተሥላሴን ጠሯቸው። በሃያ እርምጃ ርቀት ቆመው፣ በደንብ አነጣጥረው፣ ሦስት ጊዜ ተኮሱ። ሦስቱንም ሳቱ። የደነበረው ውሻ ዘሎ ሲሮጥ፣ በተኩሱ ደንግጠው ከቤት የወጡትን እትዬ የሺሃረግን ባታቸው ላይ ነከሳቸው። ውሻውን በዱላ ጨረሱት፤ እሳቸውን ተሸክመው ሐኪም ቤት አደረሷቸው። በየቀኑ አንድ፣ አሥራ አራት የሆድ መርፌ ታዘዘላቸው።

ያኔ ነው የሰፈሩ አፍ የተከፈተው።

«ጋሽ ሀብተሥላሴ እኮ የለመዱት ሰማይ ነው» አለ ልብስ ሰፊው ሙሌ፣ ውባየሁ በረንዳ ላይ ተቀምጦ። «ሰማይ ደግሞ አይራገጥም፣ አይናከስም!»

የተቀመጡት ሳቁ። ውባየሁ የያዘውን ሰዓት ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ምናልባት እውነትም እጃቸው ተንቀጥቅጦ ይሆናል አለ በልቡ። ሽማግሌ ናቸው። ይህንኑ ከሰኞ እስከ ዓርብ ለራሱ ሲደጋግም ሰነበተ። ሐሙስ ዕለት ቀብር ነበረ፤ ጋሽ ሀብተሥላሴ ከለቀስተኛው ኋላ ባዶ እጃቸውን ቆሙ። «እጄ ከድቶኛል። ሰኞ ለወረዳው አስረክባታለሁ» አሉ ለጠየቃቸው ሁሉ።

ቅዳሜ ውባየሁ እትዬ የሺሃረግን ሊጠይቅ ሄደ። ሲወጣ ዓይኑ የማድቤቱ ግድግዳ ላይ አረፈ። ውሻው ከተሸጎጠበት በስተቀኝ ሦስት ቀዳዳ አለ። ጠጋ ብሎ ቡጢውን ጨብጦ ቢያስቀምጥባቸው ሦስቱንም ሸፈናቸው። የሚንቀጠቀጥ እጅ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች ይበትናል። ይህ የጸና እጅ ነው። ጥይቱን ወደ ቀኝ የሰደደችው፣ ወደ ግራ ያዘመመችው ብረት ናት።

እሑድ ቅዳሴ ቆሞ «ማረኝ» ሊል አፉን ሲከፍት፣ የሚመጣበት «ቀጥ ብላለች፣ ጋሼ» ያለው ነው። ቤቱ ሲገባ ለጽጌ ነገራት።

«አብደሃል? ጣቢያ ይወስዱሃል! እሳቸው እንደሆነ ሽጉጧን ሊመልሱ ነው፤ ነገሩ በዚያው አለቀ።»

«ያለቀውማ እሳቸው ላይ ነው» አላትና ወጣ።

ጋሽ ሀብተሥላሴ ደጃቸው ላይ ተቀምጠው ነበር።

«ጋሼ፣ እጅዎ አልከዳዎትም» አለ ሳይቀመጥ። ቀዳዳዎቹን ነገራቸው። «ማነጣጠሪያዋ ወደ ግራ አዘንብላ ነበር።»

«እና? ብረት አይደለ? ይወላገዳል።»

«ያን ቀን አይቻት ነበር።»

ጋሽ ሀብተሥላሴ ቀና አሉ። «ቀጥ ብላለች ብለኸኝ ነበር እኮ።»

«ብዬዎታለሁ።»

በጥፊ የሚመቱት መስሎት ጠበቀ። እሳቸው ግን ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ያዩ ጀመር። «ደህና ነው ማለት ነው? ስድስት ቀን ሙሉ ስጎርስ እጄ ይንቀጠቀጥ እንደሆነ ስጠብቅ፣ ውሃ ስጠጣ ብርጭቆውን ስጠብቅ...» ወዲያው ደግሞ ጮኹ፦ «ሂድልኝ! ከፊቴ ሂድልኝ! ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት እድር አለ። ስሜ የወደቀው እነሱ መሀል ነው፤ እዚያ ተናገር!»

በእድሩ አዳራሽ ውስጥ ዳኛው ጋሽ ፈለቀ ጉዳዮቹን ጨርሰው «ሌላ ያለው?» ሲሉ ውባየሁ ተነሣ። ምንም አላስቀረም፤ መዶሻውን፣ ጠርዙን፣ ውሸቱን ተናገረ። ሙሌ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ ያገላብጣል።

«የመሣሪያውን ነገር መንግሥት ይጠይቅሃል፤ እሱ የእኛ አይደለም» አሉ ጋሽ ፈለቀ። «የተጎዱት ግን እዚህ አሉ። እትዬ የሺሃረግ፣ ምን ይሉታል?»

እትዬ የሺሃረግ ነጠላቸውን ሆዳቸው ላይ ይዘው ተቀምጠዋል። «ዛሬ ሰባተኛዬን ተወጋሁ። ሰባት ቀርቶኛል» አሉ። «ይቅርታ ለማለት ሆዴ ገና ያመኛል፣ አልዋሽም። ነገ አንድ ሰዓት ላይ ሐኪም ቤቱ በር ላይ ቁም። ስወጋ አጠገቤ ትሆናለህ። ሰባቱንም ቀን።»

«እሺ» አለ።

ሰኞ ጋሽ ሀብተሥላሴ ሽጉጧን ለወረዳው አስረከቡ፤ «እጄ ደህና ነው፤ እሷን ነው የማላምናት» እያሉ፣ ላልጠየቃቸውም ጭምር። ውባየሁን መንገድ ላይ ሲያገኙት ግን አልፈውት ይሄዳሉ።

እሱ በተባለው ሰዓት ሐኪም ቤቱ በር ላይ ነበር። ነርሷ መርፌውን ስታነሣ ፊቱን ሊያዞር ፈለገ፤ አላዞረም። እትዬ የሺሃረግ ክንዱን ጨምቀው ያዙ፤ ጥፍራቸው በሸሚዙ አልፎ ተሰማው። ሲጨርሱ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና፣ ሳያዩት፣

«ነገ እንዳታረፍድ» አሉት።