ጽዋው ይርገዱ ቤት ከረመ

"ተነሺ ብዬሻለሁ" አለ ቢተው፣ ቁናውን በብብቱ እንደያዘ።

ይርገዱ አልተነሳችም። ጀርባዋን ለጎታው ሰጥታ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ጎታው ውስጥ ያለችው ገብስ የዘር ገብስ ናት፤ ከእሷ ሌላ በቤቱ ውስጥ ገብስ የሚባል የለም። ቢተው ግን ገብሷ በዚህ ሰሞን ውኃ ካልነካች ብቅሉ ለሰኔ ሚካኤል አይደርስም፣ ብቅል ከሌለ ጠላ የለም፣ ጠላ ከሌለ ደግሞ በማኅበርተኛው ፊት ዐይኔን አቀናለሁ ብለሽ እንዳታስቢ እያለ ከማለዳ ጀምሮ ሲነዘንዛት ነው ያረፈደው።

"ዘሩን ጠጥተን ምን ልንዘራ ነው?"

"እሱን ሚካኤል ያውቃል።"

"ሚካኤል ገበሬ ነው እንዴ?"

ቢተው ደንግጦ አማተበ። እሷም በልቧ አማተበች፤ ከጎታው ግን ፈቀቅ አላለችም።

ነገሩ የተበላሸው በግንቦቱ ማኅበር ነው። የማኅበሩ ልማድ ቀላል ነበር። በየወሩ በሚካኤል ቀን አንዱ ይደግሳል፤ ሲያበቃ ጽዋው ለሚቀጥለው ተረኛ ይሰጣል፤ ተረኛው ተነሥቶ በሁለት እጁ ይቀበልና ወሩን ሙሉ ቤቱ ያስቀምጠዋል። በግንቦት ግን ተረኛው ቤቱን ዘግቶ፣ ሚስትና ልጆቹን አስከትሎ፣ ዓባይን ተሻግሮ ጎጃም ገብቶ ነበር። ቀጥሎ ያለው አንገቱን ደፋ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ደፋ። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴው አሻግሬ፣ ጽዋውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። ሰው ሁሉ የተጎዘጎዘውን ሣር ይቆጥር ጀመር። ይህን ዝምታ መቋቋም ያቃተው ማን ነበር? ተራው ገና በጥቅምት የነበረው ቢተው ነዋ! ብድግ ብሎ ሚካኤል ደጅ አያድርም አለ፤ እንደ ወትሮው እደግሳለሁ ብሎም በመላኩ ስም ማለ። ጨዋ ተባለ፣ ተመረቀ። ይርገዱ ወሬውን የሰማችው ጽዋውን በነጠላው ሸፍኖ ደጃፏ ላይ ሲደርስ ነው።

እሱ ድሮም እንዲሁ ነው። አምና ለአባቱ ተዝካር ካሉት ሁለት በሬዎች አንዱን አረደ። ሰው በላ፣ መረቀ፣ ሄደ። ዘንድሮ የቀረውን አንድ በሬ ከጎረቤታቸው ከጀብሪል በሬ ጋር አቀናጅቶ ነው የሚያርሰው። ዝናቡ ከከዳቸው ወዲህ ከቆላው የሚፈልሰው ሰው በደጃቸው ሲያልፍ ከርሟል። ይርገዱ ያየችውን ሁሉ ለማንም አታወራም። ግን አንድ ልጇን አልታዬን እጇን ይዛ መካነ ሰላም ወስዳ ከነጋዴ ዘመዷ ቤት ትታት መጥታለች። ልጅቷ ነጠላዋን ይዛ አልለቅም ስትላት፣ አዝመራው ሲገባ መጥቼ እወስድሻለሁ ብላታለች። እንግዲህ አዝመራ ማለት ይቺ ጎታ ውስጥ ያለችው ገብስ ናት። ቢተው ሊጠምቃት የቆረጠው ይህችኑ ነው።

በመጨረሻ ተስማሙ፤ ወይም ደከማቸው። ቢተው በሚመጣው ሳምንት ገበያ ወርዶ እስኪመለስ ገብሱ አይነካም፤ ከተመለሰ በኋላ ግን ይነከራል።

ይርገዱ በዚያው ቀን ሙሴው ዘንድ ሄዳ ከመሐላው እንዲያወጣቸው ለመነች። አሻግሬ የመሐላ ነገር የቄሱ ነው አላት። በማግስቱ የነፍስ አባቷ ቄስ ክንፈ ቤቷ ድረስ ሲመጡ መስቀላቸውን ተሳልማ ያንኑ ለመነቻቸው። ቄስ ክንፈ ስለ መሐላ ክብደት ረዘም አድርገው ከተናገሩ በኋላ፣ የማኅበር ነገር ግን የሙሴው ነው አሏት።

"እንግዲህ እጸልይልሻለሁ፣ ልጄ" አሉና መስቀላቸውን ወደ ብብታቸው መለሱ።

ይርገዱ ነደዳት። ለሃያ ዓመት አክብራ ይዛው የኖረችው አፏ አመለጣት።

"አምናም ጸልየውልኛል፣ አባ። ዝናቡ ሲቀር ጸለዩልን። አልታዬን ስሸኝ ጸለዩልኝ። ታዲያ ምን አለዎት? አንድ ቀን እንኳ ተመልሰው ነግረውኝ አያውቁም።"

እርግማን ስትጠብቅ ቄስ ክንፈ መደቡ ላይ ቁጭ አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸውም የተናደዱ መሰሏት።

"ሀገሩ ሁሉ የሚልከው እኔን ነው" አሉ። "አንዱ ስለ በሬው፣ አንዷ ስለ ልጇ። ለራሴ የምለምንበት ጊዜ አጣሁ እኮ። ለምን ራስሽ አትነግሪውም? ማን ከለከለሽ?"

"እኔ ዳዊት አልደገምኩ፣ ግእዝ አላውቅ።"

"አማርኛ አይሰማም ያለሽ ማነው?"

ይርገዱ ወደ እንስራው ዞረች። ውኃ ቀድታ ሰጠቻቸው። ዐይናቸው ደጋግሞ ጥግ ወደተደፋው ጋን ሲሄድ አየች። እኚህ ሰው ጠግበው የሚበሉት በማኅበር ቀን ብቻ ነው፤ ማኅበር የሚያበላ ደግሞ በአካባቢው ጠፍቷል። ይህን ካወቀች በኋላ ልትቀየማቸው እንኳ አልቻለችም፤ እሱም ራሱ አናደዳት።

በማግስቱ ማለዳ ቢተው ወደ ማሳው ሲወጣ ጠበቀችና ጽዋው ከተቀመጠበት መደብ ፊት ቆመች። ምን እንደሚባል ስላላወቀች በምታውቀው በአባታችን ሆይ ጀመረች። የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ የሚለው ላይ ስትደርስ አፏን ያዛት። ከልጅነቷ ጀምራ ስትለው ኖራ ምን እያለች እንደሆነ ልብ ብላ አታውቅም ነበር።

"ዛሬ እኮ ነው የምልህ" አለች። "ዛሬ ማለት ለአዝመራ ማለት አይደለም።"

ትንሽ ጠበቀች። ከዚያ ይህ ሰውዬ ደግሞ በዝምታው ከቢተውም ይብሳል ብላ አሰበች፤ ያሰበችው አስደነገጣትና አማትባ ወጣች። የቀረውን ጸሎት አልጨረሰችውም። በማግስቱ ግን ተመለሰች፤ ያው ቦታ ላይ ስትደርስ ያው ያዛት። በሦስተኛው ቀን መቆሙንም ተወችው። ሳማ እየለቀመችም፣ እንጨት እየሰበረችም ታወራው ጀመር። ስለ ጉልበቷ ሕመም፣ ስለ ቢተው ኩራት ነገረችው። አልታዬ የምትተኛው ከሰው ጋር ይሁን ከጆንያ ጋር እስቲ እይልኝ አለችው። አንዳንዴ ትለምነዋለች፤ ብዙውን ጊዜ ግን ትቆጣዋለች።

የጀብሪል ሚስት ሀጀራ ከወንዙ ዳር ሳማ ስትለቅም አገኘቻት።

"ይርገዱዬ፣ ጭቅጭቁ ከማን ጋር ነው?"

"ከእግዜር ጋር።"

"አብሽሪ" አለች ሀጀራ፣ ሳቋን እየዋጠች። "እኔማ እናንተ በወር አንዴ ጠላ ጠምቃችሁ የምትጠሩት ነበር የሚመስለኝ። እንደ እንግዳ መጥቶ፣ ጠጥቶ የሚሄድ።"

ይርገዱን ከነከናት። "አንቺስ በቀን አምስት ጊዜ ቆመሽ ምን አገኘሽ?"

"ይኸው" አለች ሀጀራ፣ የታቀፈችውን ሳማ እያሳየች።

ሁለቱም ሳቁ። ከሳቁ ብዙ ቀን ሆኗቸው ነበር። ሀጀራ ሳቋ ሲበርድላት፣ ካልቆምኩ ግን ቀኑ አይገፋልኝም አለች። ቀጥላም ፊቷን ወደ ወንዙ አዙራ ጀብሪል የላካትን ነገረቻት። ዘራቸው ከተጠመቀ ጀብሪል በሬውን ዘር ካለው ሰው ጋር ያቀናጃል። ክፋት አይደለም፤ እሱም የሚያበላቸው ልጆች አሉት። ይርገዱ ክፋት እንዳልሆነ ታውቃለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ግን መንገዱን ሙሉ እግዜርን ስትሞግት ሄደች።

ቢተው ከመካነ ሰላም ገበያ የተመለሰው ብዙ ወሬና ጥቂት ጨው ይዞ ነው። አዲስ አበባ ላይ ወታደሩ አምጿል፤ የቀድሞዎቹ ሚኒስትሮች ታስረዋል፤ መሬትም ላራሹ ይሰጣል እየተባለ ነው። ሻይ ቤቱ በራዲዮ ሰሚ ተጨናንቆ ነበር አላት።

"ገብስ ተልኳል?" አለች ይርገዱ።

"ስለ ገብስ አልሰማሁም።"

"አልታዬን አየሃት?"

ቢተው ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ዱላው ወደቀ፤ መልሶ አስደገፈው።

"አይቻታለሁ። አዝመራው ገብቷል ወይ አለችኝ።"

"ምን አልካት?"

ጋኑንም ቁናውንም ሳያነሣ ወጥቶ ከበሬው ጋር በረት ውስጥ ቁጭ አለ። ይርገዱ ልታጽናናው አልሄደችም፤ ትንሽ ይቅመሳት ብላ ተወችው።

በማግስቱ ማለዳ ሲዘንብ ነቁ። ደህና ዝናብ ነበር፤ መሬቱን ገባ ብሎ የሚያረካ። ይርገዱ የጎታውን አፍ ራሷ ከፈተችና ገብሱን በቁና ሰፈረች።

"ልትነክሪው ነው?" አለ ቢተው ከበሩ።

"ልትዘራው ነው። ጀብሪልን ጥራውና በሬዎቹን አውጡ።"

"መሐላዬስ?"

"መሐላህን ነግሬዋለሁ።"

"ለማን? ለቄሱ?"

"ለራሱ።"

ቢተው ትክ ብሎ አያት። "ምን አለሽ?"

"ምንም አላለም። ግን አልተቆጣም። ከአንተ ጋር ይህን ያህል ዘመን ኖሬ የተቆጣ ሰው ዝምታ ይጠፋኛል?"

"ሰው ምን ይለኛል ታዲያ?"

"ሰውን የምቀበለው እኔ ነኝ። የሚወራውም በእኔ ይወራ።"

ሊከራከር አፉን ከፈተ። ዝናቡን አየ፤ ገብሱን አየ። ከዚያ ቁናውን ከእጇ ተቀብሎ እየተነጫነጨ ወጣ፤ እስከ ማሳው ድረስ ሲነጫነጭ ይሰማ ነበር። በማታ ሲመለስ ቁናው ባዶ ነበር።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ማኅበርተኛው ከቤተ ክርስቲያን መልስ መጣ። ይርገዱ ቤቱን ጠርጋ ቄጠማ ጎዝጉዛለች። መሐል ላይ በጨው የተቀቀለ ሳማ በገበቴ ቀርቧል፤ ከጎኑ ሀጀራ ለበዓልሽ ብላ ያመጣችላት ጥቂት የባቄላ ንፍሮ አለ። ጽዋው እንደ ወግ ተሸፍኖ ተቀምጧል። ቢተው በሩ አጠገብ ተቀምጦ ጉልበቱን ታቅፏል፤ ቢቻለው መሬት ውስጥ ይገባ ነበር።

አሻግሬ ሽፋኑን ገለጠና ወደ ጽዋው ውስጥ አየ። አሸተተውም።

"ምንድነው ይሄ?"

"ውኃ ነው" አለች ይርገዱ። "ገብሱን ዘርተነዋል።"

ጉምጉምታ ተነሣ። አንዱ ይህ ማኅበር እንዲህ ተዋርዶ አያውቅም አለ፤ ሌላው መሐላ እንዲህ ቀለለ እንዴ አለ። ይርገዱ እንደ ተቆጣ ሰው ቀጥ ብላ ቆመች። በልቧ እግዜርን፣ እንግዲህ ዛሬ እንኳ አንድ ነገር በል እያለችው ነበር።

ቄስ ክንፈ እጃቸውን ዘረጉ። "አምጡት" አሉ። ጽዋውን ባርከው ጠጡና አፋቸውን ጠረጉ።

"ከየትኛው ምንጭ ነው?"

"ታች ከሾላው ሥር ካለው።"

"ጥሩ ውኃ ነው" አሉና ጽዋውን ለአሻግሬ መለሱለት። ከዚያ ወደ ሳማው ጎንበስ ብለው መብላት ጀመሩ።

ቄሱ ከበሉ ማን እምቢ ይላል? አሻግሬም ጠጣ፤ ሌሎቹም ጠጡ። ቀስ በቀስ ወሬው ስለ ማኅበሩ ክብር መሆኑ ቀርቶ ስለ ዝናቡ ሆነ፤ ማን እንደዘራ፣ ማን እንዳልዘራ። ከማኅበርተኛው ሁለቱ ለማኅበር ሲሉ ካስቀመጧት እህል መዝራት ይችሉ እንደሆን ቄሱን ጠየቁ። ንፍሮው አለቀ። ገበቴውም ተጠረገ።

ማስረከቢያው ደረሰ። አሻግሬ ጽዋውን አንሥቶ ቆመና ለሐምሌ የሚቀበል አለ። ያው የግንቦቱ ዝምታ መጣ። ሰው ሁሉ ቄጠማ ቄጠማውን ያያል። ይርገዱ ወደ በሩ ስታይ የቢተው ጉልበት መነቃነቅ ጀምሯል። ሄዳ እጇን ትከሻው ላይ ጫነችና መልሳ አስቀመጠችው።

"እዚሁ እኔ ጋ ይሁን" አለች።

"ለሐምሌ?" አለ አሻግሬ።

"ለሐምሌም ለነሐሴም። አዝመራው እስኪገባ። ድግስ የለም፤ ውኃና ያገኘሁትን አቀርባለሁ። ደግሞ የፈለገ ሰው ወር አይጠብቅ። እኔ ማለዳ ማለዳ ከእግዜር ጋር ስጨቃጨቅ ነው የምገኘው፤ ይምጣና ያግዘኝ።"

አሻግሬ ቄሱን አየ። ከዚያ ጽዋውን ዘረጋላት። ይርገዱ በሁለት እጇ ተቀበለችና ወደ መደቡ መለሰችው።

ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ ቄስ ክንፈ ዱላቸውን ይዘው በሩ ላይ ዘገዩ።

"ማለዳ ስትዪ መቼ ነው?" አሉ።

"ከብቶቹ ሳይወጡ ነው፣ አባ።"

"ነገ እመጣለሁ። ማን አደራ ብሎኝ እንደነበር ላስታውስ፤ አንዲቱ ባልቴት ስለ ዐይኗ..."

"የሰውን አይደለም" አለች ይርገዱ። "ነገ የራስዎን ይዘው ይምጡ።"