ተረከዜ የመሰከረብኝ ቀን

ኧረ ግራ ገባኝ! እግሩ የኔ፣ የማላውቀውም እኔ።

በረዳትነት የምሠራበት የጭነት መኪና ዓባይ በረሃ ላይ ሲገለበጥ አንድ ጭረት ሳይነካኝ ወጣሁ። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ፣ በሳምንቱ ቀኝ እግሬ አልታዘዝ አለኝ። ጎረቤቱ «አስመሳይ» አለኝ። ይበሉ! ታላቅ እህቴ ሥራነሽ ግን ከሁሉም ባሰች፤ «ሥራ ጠልተህ ነው» እያለች ሁለት ወር ሙሉ አበሳዬን አሳየችኝ። እናት አባት የለን፣ እሷ ካላመነችኝ ማን ሊያምነኝ ነው?

ዛሬ ከሉማሜ ደብረ ማርቆስ ሐኪም ቤት ደግፋ አመጣችኝ። ደረጃው ላይ ሦስት ጊዜ ቆመች።

«እታለም፣ ምን ሆንሽ?»

«ያንተ ክብደት ነዋ፣ ጎታታ!»

ዶክተር ሂዊ ገና ልጅ እግር ናት። በጀርባዬ አስተኝታ መዳፏን ቀኝ ተረከዜ ሥር አስገባችና «እጄን ተጫነው» አለችኝ። ታገልኩ፤ ወይ ፍንክች። ቀጥላ ግራ እግሬን በሌላ እጇ ያዘች። «ይህንን ወደ ላይ አንሳ፣ እኔ ልከልክልህ።» አቅሜን አሟጥጬ አነሳሁ።

«አየህ? አሁን ቀኝ ተረከዝህ ሳታዘው እጄን ተጫነ።»

«እኔ? በጭራሽ!»

«አላልኩም!» ሥራነሽ ከወንበሯ ተነሳች። «ተረከዙ መሰከረበት!»

ሰው ሳያውቀው ይዋሻል እንዴ?

«አልዋሸም» አለች ዶክተሯ። «እግሩ ደህና ነው፤ አስቦ ሲያዘው ነው ከአንጎሉ የሚመጣው ትእዛዝ የማይደርሰው፤ ሳያስበው ግን ይደርሳል። ይህም እውነተኛ ሕመም ነው። በልምምድ ይመለሳል።»

ጤነኛም ነኝ፣ በሽተኛም ነኝ። ጭራሽ ዞረብኝ።

ሥራነሽ ልትከራከር አፏን ከፈተች፤ ትንፋሽ አጠራት። ዶክተሯ አስቀመጠቻትና ሁለት እጇን የእህቴ የታችኛው ጎድን ላይ አኖረች። «አየር ይሳቡ... እንደገና።» የዶክተሯ ፊት ተለወጠ። «ሲስቡ ጎንዎ ወደ ውጭ መስፋት ነበረበት። የእርስዎ ወደ ውስጥ ነው የሚገባው። ሳንባዎ ሳይጎዳ አልቀረም፤ እንመረምረዋለን። ጭስ ላይ ይሠራሉ?»

«አረቄ አወጣለሁ። ሃያ ዓመቴ።»

«ማፈን ከጀመረዎትስ?»

እህቴ መሬት መሬት አየች። «ሦስት ዓመት።»

ሦስት ዓመት! አንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን! ደሜ ፈላ።

«አንቺ ሴት፣ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ያምነኛል ብዬ?» አለችኝ።

እዚያው አልጋው ላይ አለቀስኩ።