የኑሪ ቁልቁለት

ኑሪ መርካቶ ውስጥ፣ ከአንዋር መስጊድ ዝቅ ብሎ ባለው ሱቁ ዕድሜውን ሙሉ ሳይክል ሲሸጥ ኖሯል፤ ሳይክል ላይ ወጥቶ ግን አያውቅም። ይህን የምታውቀው ሚስቱ ሙሚና ብቻ ነበረች። ምስጢር ትጠብቃለች፤ ብቻ አልፎ አልፎ ሳቅ ያመልጣታል።

ገዢ ሲመጣ ኑሪ ኮርቻውን በመዳፉ ቸብ ቸብ ያደርግና «ይቺን? እኔ ራሴ እንጦጦ አውጥቻታለሁ!» ይላል። እንጦጦ የወጣው አንዴ፣ ለዘመድ ሠርግ፣ ያውም በሚኒባስ ነው። ከጎኑ ቦርሳ የሚሸጠው ዘውገ ታዲያ ዝም አይልም። «ኧረ ቀደዳው በዛ! ክረምት ሊገባ ነው፤ ዝናብ ታስገባብናለህ!» ይለዋል።

አንድ ቅዳሜ ሰብሐት የሚባል ደንበኛው መጣ። በየወሩ ከከተማ ወጥተው ሳይክል የሚነዱ ጓደኛሞችን የሚያስተባብር፣ ትሑት ሰው ነው። ለሁሉም ሳይክሎች አዲስ የፍሬን ጎማ ፈልጎ ነበር።

«ከባቱ ወዲያ ልንሄድ ነው ጋሼ ኑሪ። አስፋልት የለውም፤ ፒስታ ነው። ኮረብታ ለኮረብታ፣ በወይን እርሻ መሀል። ቁልቁለቱ ስለሚያስፈራ ፍሬኑን አደራ።»

«ኦሪጅናል ነው፤ ሂድና ተኛ» አለ ኑሪ ካርቶኑን እያወረደ። እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት! አላበቃም። «እኔ በወጣትነቴ እንዲህ ያለውን መንገድ በአንድ እጄ ነበር የምነዳው።»

«በሌላው እጅዎ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ሰላምታ እሰጥ ነበር።»

ሰብሐት ፊቱ በራ። «እንግዲያማ አብረውን ይሂዱ! ልምድ ያለው ሰው አጥተን ነው።»

ኑሪ ሥራ መብዛቱን ሊያወራ አፉን ሲከፍት ዘውገ ከቦርሳ ክምሩ ጀርባ ብቅ አለ። «ይሄዳል! ሱቁን እኔ እጠብቅለታለሁ!»

ሙሚና ማታ ይህን ስትሰማ ቆማ መሳቅ አቅቷት ተቀመጠች። እሷ የባቱ ልጅ ናት። «እኛ አገር ሳይክል የማይነዳው ሕፃንና ሬሳ ብቻ ነው» አለችው እንባዋን እየጠረገች። «አንተ የትኛው ነህ?» ቀጥላ ግን አዘነችለት። «ተወው፣ እኔ አስተምርሃለሁ።»

እሁድ ጠዋት መርካቶ ሌላ አገር ናት። ሱቁ ሁሉ ተከርችሞ፣ መንገዱ ላይ የተረፈው የካርቶን ቁራጭና ውሻ ብቻ ነው። ሙሚና ረጅም ቀሚሷን ሰብስባ፣ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ ትሮጣለች።

«ጎማውን አትመልከት! ፊት ለፊትህን እይ!»

«ፊት ለፊቴ ግንብ ነው!»

«ታጠፍ እንግዲያ!»

«መታጠፍ መቼ አስተማርሽኝ!»

ግንቡን አገኘው። በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ ከአትክልት ተራ ጎመን ጭኖ የሚመጣ ጋሪ አገኘ። ባለጋሪው ጎመኑን እየለቀመ፣ መሬት ላይ የተዘረጋውን ኑሪን በትሕትና ጠየቀው፦ «ጋሼ፣ እርስዎንም ልጫንዎት?» ጥግ ላይ የተቀመጡት ሊስትሮዎች አጨበጨቡ።

ቀስ በቀስ ግን ሰውየው ቀጥ ብሎ መሄድ ቻለ። መታጠፍም ቻለ፤ ወደ ቀኝ። ፍሬን መያዝ ግን አልሆነለትም። መቆም ሲፈልግ ሁለት እግሩን እንደ አህያ መሬት ላይ ይተክላል። ሙሚና በነገሩ ብትነዘንዘውም፣ በመርካቶ ደልዳላ መንገድ ከጫማው ሶል በቀር የተጎዳ ነገር ስላልነበረ «ይኸው ቆምኩ አይደል?» ይላት ነበር።

ቀኑ ደረሰ። ሳይክሎቹ የሚኒባሱ ፖርቶመጋላ ላይ ታስረው ከአውቶቡስ ተራ አጠገብ ተነሡ። ሙሚናም «ዘመድ እጠይቃለሁ» ብላ ገባች። መንገዱን ሙሉ ኑሪ አላወራም፤ ሰብሐትና ጓደኞቹ ትኩረት መሰላቸው።

ከባቱ አልፈው ፒስታው ላይ ሲወርዱ ኮረብታው ሁሉ ወይን ነው። ግንዱ በሽቦ ተደግፎ፣ ረድፍ በረድፍ፣ እስከ ዳገቱ ጫፍ ይወጣል። በመሀሉ ቀይ ጠጠር የፈሰሰበት መንገድ ሽቅብ ይሄድና ወዲያ ማዶ ይሰወራል። ሙሚና ከሾፌሩ ጋር በሌላ መንገድ ዞራ ከቁልቁለቱ ግርጌ ልትጠብቃቸው ሄደች።

ዳገቱን ኑሪ ሳይክሉን እየገፋ ወጣው። «ጎማዋን እያሳረፍኳት ነው» አለ ላልጠየቀው ሰው። ሰዎቹ ጨዋ ስለሆኑ ጫፉ ላይ ቆመው ጠበቁት። ሲደርስም ሰብሐት በአክብሮት ገለል አለ።

«ጋሼ ኑሪ፣ ቁልቁለቱን እርስዎ ይምሩን። እኛ ከኋላ እንማራለን።»

ኑሪ ቁልቁል አየ። መንገዱ እንደ ገመድ ተንጠልጥሏል። ሰው ሁሉ ያየዋል። ቢስሚላህ ብሎ ወረደ።

መጀመሪያ ላይ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ አለው። ነፋሱ ሸሚዙን ነፋው፤ ወይኑ በግራና በቀኝ ሸሸ፤ ከኋላ «ጎበዝ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ለካ ሲዋሽ የኖረው ነገር ይህን ያህል ያምራል! ቀጥሎ ደስታው ፈጠነበት። እግሩን ሊተክል ሲሞክር ጠጠሩ አንዱን ጫማ ነጥቆ አስቀረው። ያኔ ነው እየነዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ፍሬን የጨበጠው። ጥቁር ነገር እንደ ብስኩት ፍርፋሪ እግሩ ላይ ተበተነ። ደግሞ ጨበጠ፤ ብረት ከብረት ጮኸ፤ ሳይክሉ ግን አልቆም አለ። ኑሪ ሸሃዳውን ያዘ።

መንገዱ ወደ ግራ ታጠፈ። ኑሪ የሚያውቀው ቀኝ ነው። ሳይክሉም እሱም የወይኑ ረድፍ ውስጥ ገቡ፤ ሽቦው ደረቱ ላይ ለጠጥ ብሎ ያዘው፤ የበሰለው ፍሬ ፊቱ ላይ ፈነዳ። ጠጅ ቀምሶ የማያውቀው ኑሪ ወይን ውስጥ እስከ አንገቱ ተነክሮ ቀረ።

የእርሻው ዘበኛ ዱላውን ይዞ መጣ። ከላይ እስከ ታች አየውና «ስንት ኪሎ ቆረጥክ?» አለው።

የኑሪ ዓይን የሳይክሉ ፍሬን ላይ ነበር፤ ጎማው ተሸራርፎ አልቋል። ይህ ጎማ ለሰብሐት ካወረደው ካርቶን የወጣ ነው። ቀና ሲል ጫፉ ላይ ሰብሐት ሄልሜቱን ሲያስር አየ። ከኋላው ሌሎቹ ተሰልፈዋል፤ ሁሉም ሳይክሎች ላይ ያው የፍሬን ጎማ አለ።

ኑሪ ያውቅ ነበር? አያውቅም እንዳይባል የገዛበት ዋጋ ከኦሪጅናሉ ሲሶ ነበር። ያውቃል እንዳይባል ጠይቆ አያውቅም። ነጋዴ ግን ሳይጠይቅ ሲቀር ለምን እንደቀረ ያውቀዋል።

ከሽቦው ተላቅቆ በአንድ ጫማ ዳገቱን ሮጠ። ክንዱን እያወናጨፈ «ቁሙ! መንገዱ ተበላሽቷል!» ብሎ ጮኸ። እውነቱን ላለመናገር ገና መንገድ እየፈለገ ነበር።

«እንችለዋለን ጋሼ!» አለ ሰብሐት ከላይ።

«ጅብ አለ! ጅብ!»

«በጠራራ ፀሐይ?» ሰዎቹ ሳቁ። ሰብሐት አንድ እግሩን ፔዳሉ ላይ አደረገ።

ኑሪ አሁን ሊናገረው ያለው ቃል መርካቶ ውስጥ ራስን ከማንቁርት ይዞ እንደ ማነቅ ነው። ሰብሐት ኮርቻው ላይ ወጣ፤ ጎማው ጠጠሩን ማንኳኳት ጀመረ።

«ፌክ ነው! የሸጥኩላችሁ ፍሬን ፌክ ነው!»

ማዶ ያለው ኮረብታ ተቀብሎ «ፌክ ነው… ነው…» አለ፤ ያልሰማ እንዳይኖር።

ሰብሐት ገና ስላልፈጠነ ወደ ጎን ወደቀና ሳይክሉ ቆመ። አንዱ ሳይክሉን እየገፋ ፍሬኑን ጨበጠው፤ የፍሬኑ ጎማ ተፈረካክሶ መሬት ላይ ወደቀ። ሁሉም ሳይክላቸውን እየገፉ ወረዱ። ኑሪ አጠገብ ሲደርስ ሰብሐት ቆመ።

«በዚህ ሳይክል ልጄን ከኋላ አስቀምጬ ትምህርት ቤት አደርሳለሁ» አለ፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ያውቁ ነበር?»

«አልጠየቅኩም» አለ ኑሪ።

ከግርጌ ሙሚና ጩኸቱን ሰምታ ቆማለች። ባሏን በአንድ ጫማ፣ ፂሙ በወይን ጭማቂ ቀልቶ ስታየው ከንፈሯን ነከሰች፤ አልሳቀችም። ነገሩን ሰብሐት ሲነግራት ግን ፊቷ ጠቆረ። «ግባ» አለችው ኑሪን፣ ወደ ሚኒባሱ እያመለከተች። ገባ።

ባቱ ሲደርሱ ወደ ዘመዷ የሳይክል ጥገና ቤት ወሰደቻቸው። የፍሬን ጎማው ሁሉ ተቀየረ፤ ኑሪ ከፈለ። አሁን ግን ፍሬን የሚያምን ሰው ጠፋ። ሙሚና የሰብሐትን ሳይክል ነጠቀችና ቀሚሷን ወገቧ ላይ ቋጠረች። ከጥገና ቤቱ ጀርባ ያለው ቁልቁለት ጫፍ ወጥታ፣ ሻርፗ እየተውለበለበ፣ እንደ ጥይት መጣች። ኑሪ አፍንጫ ሥር ሲደርስ ሳይክሉ ቀጥ አለ። ኑሪ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

«ይይዛል» አለች። «ቀጣዩን አምጡ።»

እንዲህ እያለች ሁሉንም ሞከረቻቸው። በየመሀሉ ባሏ ላይ ስለምታነጣጥር ሰዎቹ መሳቅ ጀመሩ፤ ሰብሐት ሳይቀር። ከሰዓት በኋላ ተመልሰው ፒስታውን ነዱት። ኑሪ በሚኒባሱ መስኮት አያቸው። ቅናት ያዘው፤ ያቺ የመጀመሪያዋ ነፋስ ከደረቱ አልወጣ አለች።

ሰኞ የፍሬን ጎማውን ካርቶኖች ሁሉ ሱቁ ደጃፍ ላይ በመጥረቢያ ከታተፈ። ዘውገ ሊያሾፍ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ነገሩን ሲሰማ ግን ቀረብ ብሎ አንሾካሾከ። «እንግዲህ ኑዛዜው በሳይክል ብቻ ይብቃህ። ቦርሳ ያንተ ጉዳይ አይደለም።»

ሰብሐት ለረጅም ጊዜ አልመጣም። ሲመጣ ደግሞ ከኑሪ ጋር ሰላምታ ተለዋውጦ ወደ ውስጥ አንገቱን አሰገገ።

«እትዬ ሙሚና የሉም?»

«አሁን ትመጣለች» አለ ኑሪ። «ግን እኔም እኮ…»

«ፍሬን የምገዛው እሳቸው ሲሞክሩልኝ ነው» አለ ሰብሐት። ሳይክሉን ከበሩ አስደግፎ፣ ኑሪ ባቀረበለት በርጩማ ላይ ተቀመጠና እሷን መጠበቅ ጀመረ።