ቁጥር ሰባት ከረጢት

እልኸኛ ነሽ ይሉኛል። አዎ ነኝ! እልኸኛ ባልሆን ኖሮ በሰባ አምስት ክረምት ከላቦራቶሪ ተባርሬ ደጋው አገሬ ገረሴ ጎመን ስኮተኩት እቀር ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። ኩልፎ ወንዝ ዳር ያለው የአፈር ላቦራቶሪ ሁለት ተማሪ ክረምቱን በደሞዝ እያሠራ ሊያሠለጥን ነው ተባለ፤ እኔና ማርቆስ ተመረጥን። ነጭ ጋውን ለበስን። የኔ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ስለሚወርድ ማርቆስ "እሜቴ መነኩሲት" እያለ ያበሽቀኛል። ግድ አልነበረኝም፤ ምሳ ስበላም አላወልቀውም።

መስከረም ሲጠባ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እየሠራ የሚቀጥለው ከሁለታችን አንዳችን ብቻ ነው። የማርቆስ አባት ከተማው ውስጥ ሱቅ አላቸው፤ ሥራው ቢቀርበት ምንም አይሆንም። እኔ ግን የሰው ቤት ተከራይቼ ነው የምማረው። ያ ሥራ ከሌለ ኪራይ የለም፤ ኪራይ ከሌለ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የለም። አለቀ!

ኃላፊያችን ጓድ በዛብህ ከአዲስ አበባ የመጡ፣ የታጠበን ብርጭቆ ወደ መስኮት አንስተው ካላዩ የማያምኑ ሰው ናቸው። ነሐሴ ላይ ከገረሴ ገበሬዎች አሥራ ሁለት ከረጢት አፈር መጣ። አፈሩ ኮምጣጣ ከሆነ ኮምጣጣነቱን የሚያበርድ ኖራ ይላክላቸዋል፤ ካልሆነ አይላክም። አገርሽ ነው ብለው ለኔ ሰጡኝ። ቁጥር ሰባት የአባቴ የዳልጮ ነበር። ገብሱ በየዓመቱ እየቀጨጨ እንቅልፍ ሲነሳው ስላየሁ አፈሩ ኮምጣጣ መሆኑን አልተጠራጠርኩም።

ማርቆስ አድርቆና ወቅጦ የሰጠኝን፣ ቀለሙ የማይለይ ዱቄት በተጣራ ውሃ በጠበጥኩ፤ ሰማያዊውን ሊትመስ ወረቀት ነከርኩ። ኮምጣጣ ከሆነ ወረቀቱ ይቀላል። ይቀላል ብዬ ስጠብቅ፣ ሰማያዊ እንደሆነ ቁጭ! አሥራ ሁለቱም እንደዚያው።

ጓድ በዛብህ ውጤቱን አይተው ግንባራቸውን ቋጠሩ። "የደጋ አፈር እንዲህ አይሆንም። ብርጭቆውን በሳሙና አጥበሽ ሳታለቀልቂ ነው የሠራሽው፤ ሳሙናው ኮምጣጣነቱን አጥፍቶታል። ድገሚው!"

ደገምኩ። ሰለስኩ። እጄ እስኪላጥ አለቀለቅኩ። ያው ነው! ዓርብ ከሰዓት አስጠሩኝና፣ "አገርነሽ፣ ጥንቃቄ የሌለው ሰው እዚህ አይሠራም። ሰኞ ጋውኑን ትመልሻለሽ" አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ቁጥር ሰባት ከረጢት ውስጥ የቀረውን አፈር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፍኩት። ወይ ጉድ! ጥቁር፣ ለስላሳ፣ አንዲት ጠጠር የሌለችው፤ ፍግ ፍግ የሚል፤ መሃሉ ላይ ደግሞ የእንሰት ቃጫ። ይሄን አፈርማ አውቀዋለሁ! እናቴ ዕድሜ ልኳን ፍግ ስትደፋበት የኖረች የጓሯችን አፈር ነው። ማሳው ግን ቀይ ነው። ሌሎቹንም ከረጢቶች ከፈትኩ፤ ሁሉም የጓሮ አፈር።

"ጓድ በዛብህ፣ ጋውኑን አልመልስም!" አልኩ በሩን ሳላንኳኳ። አፈሩን አሳይቼ የጓሮ እንጂ የማሳ አለመሆኑን፣ ፍግ የጠገበ አፈር ደግሞ እንደማይኮመጥጥ ነገርኳቸው። በጣታቸው አሹት፤ ቃጫውንም መዘው አዩና፣ "እንግዲያው ሰኞ ጠዋት የማሳውን አፈር ይዘሽ ነይ" አሉኝ።

ቅዳሜ በጭነት መኪና ገረሴ ወጣሁ። ጭቃ በጭቃ ሆኜ ስደርስ አባቴ እቅፍ ሊያደርገኝ እጁን ዘረጋ።

"አባዬ፣ ያን አፈር ከየት ቆፈርከው?"

"ከእንሰቱ ሥር ነዋ! ከየት ኖሯል?"

"ከገብሱ ማሳ ነው እኮ የተባላችሁት!"

"የገብሱ ማሳማ ደክሟል። ሰው አፈራችሁን ልይ ብሎ ሲልክብሽ የደከመውን ታሳዪዋለሽ? ለእንግዳ የተበላሸ ቆጮ ነው የሚቀርበው?"

"እሺ አንተስ፤ አሥራ ሁለታችሁም ታዲያ?"

እዚህ ላይ አንገቱን ሰበር አደረገ። "እነሱስ ከማሳው ሊቆፍሩ ነበር። እኔ ነኝ የከለከልኳቸው። የምትመረምረው ልጄ ናት፣ በእጇ ነው የምትነካው፣ አለቆቿ ፊት እንዳታፍር ደህና ደህናውን ስጡኝ ብዬ በየቤቱ ዞርኩ። ጠጠሩን የለቀምኩትም እኔው ነኝ። አሥራ ሁለቱንም።"

ስንት የቁጣ ቃል ይዤ ነበር የመጣሁት! ሁሉም ጠፋብኝ። አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ፤ ከዚያ ደግሞ ሳቄ መጣ። "አባዬ፣ ላኩራት ብለህ ልታስባርረኝ ነበር እኮ!" ስለው ፊቱ ልውጥ አለ። ዶማውን አንስቶ በዝናብ እየሮጠ ወደ ማሳው ወረደ። እሁድ ከጸሎት በኋላ አሥራ አንዱም ጎረቤቶች የየማሳቸውን ቀይ አፈር ከነጠጠሩ አመጡልኝ።

ሰኞ ጓድ በዛብህ አጠገቤ ቆመው ሳለ ወረቀቱን ቁጥር ሰባት ውስጥ ነከርኩ። ሰማያዊው ወረቀት ቀላ። እሰይ! አሥራ ሁለቱም ቀሉ። ጓድ በዛብህ ወረቀቱን ወደ መስኮት አንስተው አዩና፣ "ይቅርታ አድርጊልኝ" አሉ፤ ቀጥለውም "ጋውኑን ደግሞ አሳጥሪው። ከመስከረም ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ስትመጪ ይጠልፍሻል" አሉኝ። ማርቆስ ከኔ ቀድሞ እልል አለ፤ ሞኙ!

የውጤቱን ወረቀት ራሴ ለአባቴ ወሰድኩለት። "ምን ይላል?" አለኝ።

"አፈሩ በጣም ኮምጣጣ ነው፤ ኖራ ያስፈልገዋል ይላል።"

"ከታችስ ያለችው ጭረት?"

"እሷማ የመርማሪዋ ፊርማ ናት። የኔ።"

ተነስቶ ምስማርና ድንጋይ ፈለገና ወረቀቱን ከበሩ ፊት ለፊት፣ የገባ ሁሉ በሚያየው ቦታ ግድግዳው ላይ አስጠጋው።

"አባዬ፣ መጥፎ ውጤት ነው እኮ! ማሳህ ደክሟል የሚል ወረቀት ለእንግዳ ታሳያለህ?"

"አንቺ ነሽ አይደል የጻፍሽው?" አለና ምስማሩን መታው።