የካሤ ዓይንና የሶስና ምራቅ

ሶስና ከፍኖተ ሰላም ተመድባ ሰቆጣ ፍርድ ቤት ስትመጣ ብዙ ነገር ይገጥመኛል ብላ ነበር፤ ያለ መጥሪያ እከሰሳለሁ ብላ ግን አላሰበችም። ወንጀሏ ሕፃን ማድነቅ ነው። የአከራይዋን የእትዬ ማንጠግቦሽን የልጅ ልጅ፣ ካሤን፣ በእናቱ እቅፍ አየችና «ወይ ዓይን! እንዴት ያምራል» አለች። እዚያ ላይ አፏን ዘጋች። «ከዓይን ያውጣው» የምትለዋን ማሰሪያ ረሳች። ሳምንት ሳይሞላ የካሤ ዓይን ዙሪያው ቲማቲም መሰለ።

እትዬ ማንጠግቦሽ መርማሪ አላስፈለጋቸውም። የበኩር ልጃቸውን በሕፃንነቱ ቀብረዋል፤ የልጅ ልጃቸውን ካሤ ያሉትም የእሱ ምትክ እንዲሆንላቸው ነው። ስለ ዓይን ማንም እንዲያስተምራቸው አይፈቅዱም።

ጥንቃቄያቸው የታወቀ ነው። ነሐሴ ነውና ጠዋት ጠዋት ከቁልቋሉ አጥር በለስ ይለቅማሉ። ሌላ ሰው ቢነካው ቀኑን ሙሉ ጣቱን ሲያስለቅም የሚያውለውን የበለስ ጸጉር፣ ያን ደቃቅ እሾህ፣ እሳቸው በባዶ እጃቸው አሸት አሸት ያደርጉትና «እኔን ያውቀኛል» ይላሉ። ያውቃቸው እንደሁ እንጃ፤ እጃቸው ግን ከወፍጮ ድንጋይ ጋር አብሮ ስላረጀ የሚሰማው ነገር አልነበረም። ከዚያ ያንኑ እጅ ወደ ካሤ ይዘረጋሉ። ከክፉ ዓይን እንዲጠበቅ፣ በአውራ ጣታቸው የዓይኑን ቆቦች እያማተቡ ይዳብሷቸዋል። ሶስናም እንደ ግቢው ሰው ሁሉ ይህን አይታ ታልፋለች።

የሕፃኑ እናት ደመቀች ልጁን ጤና ጣቢያ ወሰደችው። ቅባት ሰጧት። ቅባቱን የሚቀባው የማን አውራ ጣት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ቅላቱ ባሰ።

«አየሽ?» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ፤ «የሐኪም በሽታ አይደለም።»

ጉዳዩ በይግባኝ ጅዳ ደረሰ። የካሤ አባት እንግዳው እዚያ ነው የሚሠራው። በኢሞ ሲደውል ደመቀች ስልኩን ልጁ ፊት ላይ ደቀነችለት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ የካሤ ፊት ሲበታተንና ሲገጣጠም፣ እንግዳው ከቀይ ባሕር ማዶ ሆኖ በሽታውን ለየው።

«እማዬ፣ ያቺ የጎጃም ተከራይ አሁንም አለች?»

«አለች።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

ከዚያ ወዲህ በግቢው ውስጥ አማርኛ ቀነሰ። ሶስና በሯን ስትከፍት ወሬው ወደ ኽምጣና ይዞራል፤ በመሃሉ ስሟ ብቻ ሳይተረጎም ይቀራል።

ቅዳሜ ጠዋት እትዬ ማንጠግቦሽ ከበለሱ ሳፋ ተነሥተው ደጃፏ ላይ ቆሙ።

«ሶስናዬ፣ ቤቱን ለዘመድ ፈልገነዋል።»

«ለየትኛው ዘመድ፣ እትዬ?»

«ይመጣል።»

ሶስና ነገሩ ገባት። ቤት መልቀቁ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ግን በዓይነ ክፉነት ከአንድ ግቢ የወጣችን ሴት የሚቀበል ሌላ ግቢ በሰቆጣ የለም። ወሬው ከሻንጣዋ ቀድሞ ይደርሳል።

«እኛ ፍርድ ቤት ፍየል የሰረቀ እንኳ መጥሪያ ይደርሰዋል» አለች። «እኔን ማን ጠየቀኝ?»

እትዬ ማንጠግቦሽ አሰቡ። ፍትሕ የሚያውቁ ሴት ናቸው።

«እንግዲያው ትፊበት። የነካው ሰው ሲተፋበት ይለቀዋል።»

«ብተፋ ጥፋተኛ ነኝ ማለት ነው።»

«ነው።»

«ባልተፋስ?»

«ያኔማ ለይቶልሻል።»

ካሤን አመጡት። ሶስና የሕግ ትምህርቷ ባላዘጋጃት ሥራ ላይ ጎንበስ ብላ «እንትፍ፣ እንትፍ» አለች። ቀና ስትል ሆድ ባሳትና እንባዋ ወረደ። የእትዬ ማንጠግቦሽ አንጀት አልቻለም። «አይዞሽ ልጄ፣ አለቀ» ብለው እንባዋን በአውራ ጣታቸው ጠረጉላት፤ ሁለቱንም ዓይን፣ ጠበቅ አድርገው።

ከሰዓት በኋላ ሶስና ከካሤ ጋር መንታ መሰለች። ዓይኗ ዙሪያውን ቀልቶ ይለበልባታል። መስታወት ይዛ ፀሐይ ላይ ወጣችና በቅንድብ መንቀያዋ ከዓይኗ ቆብ አንድ ነገር መዘዘች፤ ከሽፋሽፍት የቀጠነ፣ ወርቅማ። አጥሩን አየች። ሮጣ ሄዳ የአከራይዋን እጅ ወደ ብርሃን ገለበጠችው። አውራ ጣቱ እንደ ኮክ ጸጉር አውጥቶ ያበራል።

እትዬ ማንጠግቦሽ ጣታቸውን አዩት፣ የሶስናን ዓይን አዩት፣ የተኛውን ካሤን አዩት። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ጨብጠው ነጠላቸው ውስጥ ደበቁት።

ደመቀች ከጓዳ ብቅ አለች። «ምንድን ነው?»

ሶስና ነጻ ለመውጣት አንድ ዓረፍተ ነገር በቂዋ ነበር። አሮጊቷን አየቻቸው። አንድ ልጅ ቀብረዋል፤ ሁለተኛውን ደግሞ በገዛ ጣታቸው፣ እየጸለዩ፣ እንዲህ አድርገውታል።

«ምንም። ምራቁ እንዲሠራ እትዬ እስኪሻለው ድረስ አይነኩትም።»

«ማን አለ?»

«እኔ ነኛ። የነካሁትስ እኔ አይደለሁ?»

የቀረውን ጸጉርም ሕፃኑ እንደተኛ ራሷ ለቀመችለት፤ እሱም የሥርዓቱ አካል ተባለ።

ካሤ ዳነ። ዘመድ የተባለውም ሳይመጣ ቀረ። እንግዳው ከጅዳ ደውሎ «ያቺን ልጅ እንዳትለቋት» አለ። ዝናዋም አጎራባቾቹ ፃግብጂና ጽጽቃ ድረስ ገባ። አሁን እሑድ እሑድ ዓይናቸው የቀላ ሕፃናት በእናቶቻቸው ጀርባ ይመጣሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ በር ላይ ቆመው «ልጃችን ናት፣ ምራቋ አይስትም» እያሉ ተራ ያስይዛሉ፤ እጃቸውን ግን ከነጠላው አያወጡም።

ሶስናም ለደንቡ እንትፍ ትላለች። ከመትፋቷ በፊት ግን እናቲቱን አንድ ነገር ትጠይቃለች።

«አጥራችሁ ቁልቋል ነው?»