በጠና ታማለች

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ በወይዘሮ የማርያምወርቅ ግቢ ውስጥ ሁለት አዛውንት ፈረንጆች ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ባልየው ኤሮ ይባላሉ፤ በአገራቸው በፊንላንድ ዕድሜያቸውን ሙሉ አናጢ ነበሩ። ሚስታቸው አይኖ ነርስ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ፣ እንደ እኩዮቻቸው ሐይቅ ዳር ተቀምጠው ዓሣ እያጠመዱ መኖር ሲችሉ፣ ቤተ ክርስቲያናቸውን «ለአገልግሎት ላኩን» ብለው ለመኑ። እሷም እዚያው ሰፈር ላለች አንዲት ትንሽ የወንጌላውያን ማኅበረ ምእመናን ላከቻቸው። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈው ነበር።

የአይኖ ስም ለሰፈሩ ልጆች አፍ አልመች ብሎ «እማማ ዓይኔ» ሆኖ ቀረ። አይኖ ትርጉሙ ሲነገራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ከዚያ ወዲያ ራሳቸውም በተሰባበረ አማርኛ «እኔ ዓይኔ ነኝ» እያሉ ይተዋወቁ ጀመር።

የሚያስተረጉምላቸው ጫልቱ ነበረች። ጊምቢ ተወልዳ፣ ሚሽን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ተምራ፣ በትዳር አዲስ አበባ ገብታ ባሏን በጊዜ የቀበረች፣ አርባውን ያገባደደች ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ትመጣለች፤ ሦስቱ አብረው ይጸልያሉ፤ ኤሮ መጋዛቸውን ይዘው ለጸሎት ቤቱ አግዳሚ ወንበር ሊሠሩ ይሄዳሉ፤ ሁለቱ ሴቶች ደግሞ የመድኃኒት ቦርሳውን ተሸክመው ዳገቱን ይያያዙታል። መንገዱ መሐል፣ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች የሚያርፉበት ሜዳ አለ። አይኖ እዚያ ተንበርክከው ገመድ የላጠውን ጀርባ ያጥባሉ፣ የተሰነጠቀውን ተረከዝ ይቀባሉ። እዚያ የሚናገሩት አማርኛ «ያማል?» እና «አይዞሽ» ብቻ ነበር፤ ለሥራቸው ከዚያ በላይም አላስፈለጋቸውም። ሲጨርሱ አጭር ጸሎት ያደርጋሉ፤ ሴቶቹ አብዛኞቹ ኦርቶዶክሶች ቢሆኑም በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው አሜን ይላሉ።

ጫልቱ አይኖን በእንግሊዝኛም ሲያወሩ «እማማ» ነበር የምትላቸው። እናቷን በሕፃንነቷ ስላጣች ቃሉን የምትጠቀምበት ሰው ኖሯት አያውቅም።

ስልኩ የተደወለው ከዐቢይ ጾም በፊት በአንድ ማክሰኞ ጠዋት ነው። ለእነ አይኖ ቤት የስልክ መስመር ገና አልገባላቸውም፤ ከአገራቸው የሚፈልጋቸው ሰው በማኅበረ ምእመናኑ ቢሮ ይደውልና ጫልቱ መልእክት ትቀበላለች። የዚያን ቀን የደወለው ማቲ ነበር፣ የአንድያ ልጃቸው የሌና ባል። እንግሊዝኛው ለሱም የተውሶ ቋንቋ ነው፤ መስመሩም ይንኮሻኮሻል።

«ሌና በጠና ታማለች» አለ። «ሆስፒታል ናት። ዛሬውኑ ይደውሉ። እባክሽ፣ ዛሬውኑ።»

«በጠና?» አለች ጫልቱ።

«አዎ፣ በጠና» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

ጫልቱ መነጋገሪያውን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ቀረች። ሌና ሞታለች። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ባሕር ተሻግሮ ደውሎ «ልጃችሁ ሞታለች» የሚል ሰው የት አለ? የገዛ አባቷ ጊምቢ የሞቱ ጊዜም የተላከው ቃል «ትንሽ አሟቸዋል» የሚል ነበር። ለሷ ያን እንኳ ማንም አልነገራት፤ ጎረቤቱ ሁሉ አውቆ ቀኑን ሙሉ ደብቋት ዋለ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሴቶች ኮቴያቸውን አጥፍተው ገቡ፤ አንዷ በቀኟ፣ አንዷ በግራዋ ተቀምጠው እጇን ከያዙ በኋላ ነው ሽማግሌው አፋቸውን የከፈቱት። ተንፈራፍራ ስትወድቅ የወደቀችው ሰው ደረት ላይ ነው። በሕይወቷ ካየችው ደግነት ሁሉ ይኼንን የሚያህል አልነበረም።

ወደ ጋሽ ዱጋሳ ሮጠች። የማኅበረ ምእመናኑ ሽማግሌ ናቸው፤ ረጋ ያሉ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ።

«አለቀሰ?» አሉ ሰምተው ሲጨርሱ።

«አላለቀሰም። ድምፁ ግን ደርቆ ነበር።»

«አልቅሶ የጨረሰ ነው» አሉና ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ምስኪን ልጅ።»

«ጋሽ ዱጋሳ፣ ምናልባት እውነትም ታማ ቢሆንስ? ዛሬውኑ ይደውሉ ብሏል እኮ።»

«ለቀብሩ እንዲደርሱ ነዋ! ፈረንጅም ቢሆን ሰው ነው፤ ለእናት በስልክ ሞተች አይልም።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እማማ አይኖ ግፊት አለባቸው። ቀን በጠራራ፣ ባልየው ሥራ ላይ፣ ሰው ሳይሰበሰብ ብንነግራቸው እዚያው ነው የሚቀሩብን። ነገ ጎህ ሲቀድ ሁላችንም እንሄዳለን። እስከዚያ ፊትሽን አጽኚ፤ እንዳያውቁብሽ።»

ወይዘሮ የማርያምወርቅም ሲነገራቸው ከዚህ የተለየ አላሉም። ሃይማኖታቸው ሌላ ቢሆንም በመርዶ ሥርዓት ላይ ልዩነት አልነበራቸውም። «እግዜር ያጽናቸው» ብለው ወደ ጓዳቸው ገብተው ብቻቸውን አለቀሱ።

ጫልቱም ፊቷን አጸናች። እንደ ወትሮው ቦርሳውን አንግታ ከአይኖ ጋር ዳገቱን ወጣች። የዚያን ቀን አይኖ አንደበታቸው ተፈትቶ ነበር፤ ሌና ለፋሲካ ልትጎበኛቸው ስለነበር ከወዲሁ አሳብ ይዟቸዋል።

«ራጉኤል ድረስ እወስዳታለሁ። ከላይ ሆና ከተማውን ታያለች። ዳገት ትወዳለች፤ እኛ አገር ዳገት የለም። ጥሬ ሥጋ ስጧት ደግሞ! እንቢ የምትል እንዳይመስልሽ፣ ደፋር ናት።»

«እሺ፣ እማማ» አለች ጫልቱ።

ሜዳው ላይ ሙሉነሽ የምትባል ለፍላፊ ተሸካሚ «እስቲ እማማ ዓይኔ አንዴ ይሸከሙት!» አለች። አይኖ ምልክቱን ተረድተው ጀርባቸውን ሰጡ። ሸክሙን ገና ሳያነሡት ተንገዳግደው ቅጠሉ ላይ ዝርፍጥ አሉ። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ፤ አይኖ እንደተቀመጡ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ጫልቱም እንዳይታወቅባት ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረባት።

አይኖ ወዲያው ልብ አሉ። ተነሥተው እጃቸውን ግንባሯ ላይ አደረጉ። «ምን ሆነሻል? አሞሻል እንዴ?»

«ራሴን ነው፣ እማማ።»

አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጧት። ሹራባቸውን አውልቀው ትከሻዋ ላይ ጣሉላት፤ ክኒንና ውሃ ሰጥተው እስክትውጥ ቆመው ጠበቁ። ነፋሱ ባሕር ዛፉን ያወዛውዘዋል። ጫልቱ ከዚያ በላይ አልቻለችም።

«እማማ» አለች።

«አቤት» አሉ አይኖ በአማርኛ፣ ፈገግ ብለው። ቃሏን ከልጆቹ ተምረዋት ነበር።

ጫልቱ ያንን ፊት አየች። ሜዳውን አየች፤ የሚደግፋቸው ሰው የለም፣ ቁልቁለቱ ሩቅ ነው። የዱጋሳ ቃል ጆሮዋ ላይ ነበር።

«ምንም» አለች። «እግዜር ይስጥልኝ ልልዎት ነው።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ግቢው በሰው ሞላ። የጸሎት ቤቱ ሰዎች፣ የሰፈሩ እድርተኞች፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱት ወይዘሮ የማርያምወርቅ። ኤሮ በር ሲከፍቱ ግራ ገባቸው።

«የረሳነው ፕሮግራም አለ እንዴ?» አሉ ለጫልቱ፣ ሰውን ሁሉ በእጃቸው ወደ ውስጥ እየጋበዙ። አይኖ ጸጉራቸውን ሳይሰበስቡ ወጡ፤ ይኼ ሁሉ እንግዳ የመጣላቸው መስሏቸው ፊታቸው በራ፤ ወንበር ፍለጋ ዞር ዞር አሉ። ሁለት ሴቶች ክንዳቸውን ይዘው አስቀመጧቸው።

ዱጋሳ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ ተናገሩ። ጫልቱ ተረጎመች። ሁላችንም እንግዶች ነን አሉ። ተረጎመች። ከዚያ «ሌና አርፋለች» አሉ።

ጫልቱ ይህንንም ተረጎመች። ሴቶቹ ዋይታውን አቀለጡት።

አይኖ አላለቀሱም። «ማን አለ?» አሉ።

«ማቲ ደውሎ ነበር።»

«መቼ?»

«ትናንት ጠዋት።»

አይኖ የያዟቸውን ሴቶች እጅ ቀስ አድርገው አላቀቁ። «ምን አለሽ? የሱን ቃል ንገሪኝ። የሱን ቃል ብቻ።»

«በጠና ታማለች አለ። ሆስፒታል ናት አለ።»

«ታማለች? ሞታለች አላለም?»

«አላለም።»

«ታማለች ካለ እኮ ታማለች!» ብለው ጮኹ አይኖ፤ ዋይታው ቀጥ አለ። «ኤሮ! ታማ ነው! ታማ ነው ያለው!»

የማኅበረ ምእመናኑ አሮጌ ላንድሮቨር ወደ ቴሌ ከነፈች። መንገዱን ሁሉ አይኖ የጫልቱን እጅ ጨብጠው «ታማለች ነው ያለው፣ አይደል?» ይላሉ፤ ጫልቱም «አዎ፣ እማማ፣ ታማለች ነው ያለው» ትላለች። ጌታ ሆይ፣ እያለች በልቧ ትለምን ነበር፣ አሳፍረኝ። በሰው ፊት ሁሉ ውሸታም አድርገኝ። የሞኝ መሳቂያ አድርገህ አስቀረኝ፤ ብቻ ትኑር።

ቴሌ ውስጥ ስልኩ ያለበት ጠባብ ክፍል በመስታወት የተጋረደ ነበር። ጫልቱ ከውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አይኖን ታያለች። አይኖ ተናገሩ፣ ሰሙ፣ ደግሞ ተናገሩ። ከዚያ አንድ እጃቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። ኤሮ ገቡ፤ ሁለቱ አዛውንት በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተጣብቀው ብዙ ቆሙ።

ሲወጡ አይኖ ጫልቱ ፊት መጥተው ቆሙ። ድምፃቸው አልተለወጠም።

«ትናንት ማታ ነው የሞተችው። ደሟ ተመርዞ። ቀን ግን ትናገር ነበር። ስልኩን አልጋዋ አጠገብ አድርገውላት ነበር። 'እናቴ ደወለች?' እያለች ትጠይቅ ነበር።»

ጫልቱ ከአግዳሚው ተነሣች።

«ሜዳው ላይ ስንስቅ» አሉ አይኖ፣ «ልጄ በሕይወት ነበረች።»

ጫልቱ እግራቸው ላይ ወደቀች። አይኖ አላነሷትም፤ አልገፏትምም። ጎንበስ ብለው ያነሷት ኤሮ ነበሩ።

የዚያን ዕለት ማታ በአውሮፕላን ሄዱ። እስከዚያው ግቢው በለቀስተኛ ሞልቶ ዋለ። ሰው ሁሉ ኤሮ ራሳቸው የሠሩአቸውን አግዳሚዎች ከጸሎት ቤት አምጥቶ ደጅ ተቀምጧል፤ አይኖ ግን መኝታ ቤታቸውን ዘግተው አልወጡም። ዱጋሳ በሩ ሥር ቆመው «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ» እያሉ በአማርኛ አለቀሱ። የሚተረጉምላቸው አልነበረም፤ ጫልቱ ከግቢው ጥግ ድምፅ አልወጣት ብሎ ቆማ ነበር። ሲመሽ አይኖ በባላቸው ተደግፈው ወጡ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ጋቢ ትከሻቸው ላይ አደረጉላቸው። ለሁሉም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላምታ ሰጡ። ጫልቱን አልፈው መኪና ገቡ።

ከፋሲካ በኋላ ኤሮ ብቻቸውን ተመለሱ፤ ቤቱን ሊያስረክቡ፣ ዕቃ ሊሸክፉ። ከስተዋል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ አንገታቸው ላይ ሰፍቷል። ጫልቱ ሳትጠራ መጥታ ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች። እስከ ቀትር አብረው ሲሸክፉ ቆዩ።

«ይጠሉኛል?» አለች በመጨረሻ።

ኤሮ የያዙትን ሳጥን አስቀመጡ። «አይኖ ሰው መጥላት አታውቅበትም። 'ጫልቱ ትወደኝ ስለነበረ ነው ያደረገችው' ትላለች። ይኸው ነው የከበዳት። ብትጠላሽ ይቀላት ነበር።» መስኮቱን እያዩ ጨመሩ፦ «ድምፅሽን ግን መስማት አልችልም ብላለች። የኔ ልጅ፣ እንዳትጠብቂያት።»

ጫልቱ ራሷን ነቀነቀች። የአይኖን ሹራብ አጣጥፋ ሻንጣው ውስጥ አስገባች።

ከመሄዳቸው በፊት ኤሮ የሴቶቹን ማረፊያ ማየት እፈልጋለሁ አሉና አብራቸው ዳገቱን ወጣች። ተሸካሚዎቹ ከሩቅ ሲያዩአቸው ሸክማቸውን እያወረዱ ተነሡ። መርዶውን ሰምተዋል፤ አብረውት የሚያለቅሱት ሐዘንተኛ ግን አላገኙም ነበርና ለቅሷቸውን አምቀው ቆይተዋል። ሙሉነሽ ቀደመች።

«እማማ ዓይኔስ?» አለች ለጫልቱ።

«አይመጡም» አለች ጫልቱ። «ከእንግዲህ አይመጡም።»

ሙሉነሽ ደረቷን መታች። ሌሎቹም ተከተሉ። ያላዩአትን፣ ስሟን እንኳ አስተካክለው የማይጠሩላትን ልጅ «ሌናዬ፣ ወይኔ ሌናዬ» እያሉ አለቀሱላት። ኤሮ መሐላቸው እንደ ግንድ ቆመው ቆዩ። ሙሉነሽ ክንዳቸውን ይዛ ሸክሙ ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ያኔ ሽማግሌው ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው፣ ልጃቸው ከሞተች ጀምሮ ሚስታቸው ፊት ያላወጡትን ለቅሶ አወጡት። ሴቶቹ ዙሪያቸውን ተጠጉ። ማንም ተርጉሚ አላላትም።

ጫልቱ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ታይ ነበር። ወደዚያ ለመቅረብ ፊት አልነበራትም። ሙሉነሽ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ ቀና ስትል አየቻትና ሸክሙ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀች።

«ምን ትቆሚያለሽ?» አለቻት። «ነይ ተቀመጪ። አንቺም ሐዘንተኛ ነሽ።»

ጫልቱ መንገዱን ተሻግራ ሄዳ ተቀመጠች።