የክሊፎርድ ሰግደን ጠበቃ

ትምህርቱን ያልገፋ ሰው ጠበቃ ቢሮ ገብቶ ሲቀመጥ ወንበሩ ራሱ ያውቅበታል። ክሊፎርድ ሰግደን ይህን የተማረው ገና በወጣትነቱ፣ ኪግሊ ከተማ ውስጥ አሁን የሚኖርባትን ባለ ፎቅ ቤት ሲገዛ ነው። ያኔ የያዘው ጠበቃ ከራት ግብዣ የመጣ የሚመስል ሰውዬ ነበር። ክሊፎርድን በኮሪደር ላይ ሲያስጠብቀው ቆይቶ፣ ኋላ ደግሞ የእጅ ጽሑፉን አይቶ ለጸሐፊዋ ፈገግ አለላት። ያቺ ፈገግታ እስከ ጡረታው ድረስ ከሆዱ አልወጣችም። ዕድሜ ልኩን የአውቶቡስ ሞተር የጠገነ እጅ ለፊርማ ብሎ አይለሰልስም። ግን ይህን ለማን ይናገሩታል?

አሁን ቤቱን መሸጥ ግድ ሆነ። የሚስቱ የኢኒድ ሳንባ ደረጃውን እምቢ ብሏል። ክረምቱን ሙሉ የተኛችው ሳሎን ሶፋ ላይ ነው። ለቤታቸው ገዢ ተገኝቷል፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚጠብቁ ወጣት ባልና ሚስት። ከከተማው ዳር ደረጃ የሌላት ትንሽ ቤት አግኝተዋል፤ ባለቤቷ አሮጊት ግን ትዕግሥት የላትም። ቶሎ ካልሆነ ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ብላለች። በዚህ አገር ደግሞ ሻጭና ገዢ የተፈረመ ውል እስኪለዋወጡ ድረስ ቃል ማለት ትንፋሽ ነው፤ ማንም ማንንም ጥሎ መሄድ ይችላል።

ገዢዎቹን ያመጣው ደላላ የራሱን ጠበቃ ሊያሲዘው ሞከረ። «ርካሽ ናቸው፣ ፈጣን ናቸው» አለው።

«ለአንተስ ስንት ይወረውሩልሃል?» አለው ክሊፎርድ። ደላላው ክራቫቱን አስተካከለ።

ከዚያ ራሱ ስልክ መደወል ያዘ። አንደኛው ቢሮ ሙዚቃ አሰማው። ሁለተኛው የመዝገብ ቁጥር ጠየቀው፤ ገና ደንበኛ ያልሆነን ሰው! ሦስተኛው ቢሮ ጋ ጠበቃዋ ራሷ አነሳች።

«ይቅርታ፣ አፌ ሞልቷል፤ ምሳ ላይ ነኝ። ታክሪ እባላለሁ። እርስዎ ይናገሩ፣ እኔ ላላምጥ» አለችው።

ክሊፎርድ በዚያው መረጣት።

ወይዘሪት ታክሪ ሽበቷን አሳጥራ የተቆረጠች፣ ድምፅዋ ወፈር ያለ ሴት ነበረች። አላስጠበቀችውም። ማንኛውም ሻጭ የሚጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ ራሷ እያነበበች ጠየቀችው፤ ጣሪያው፣ የቤት ማሞቂያው ቦይለር፣ የውሃ መውረጃው። በመጨረሻ፣

«ከጎረቤት ጋር ጠብ አለ?» አለችው።

«የለም። አንነጋገርም እኮ። ሳንነጋገር በምን እንጣላለን?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ከማን ጋር ነው የማትነጋገሩት?»

ያኔ ወጣ። ጎረቤቱ ሆራስ ፒክልስ የተከለው የጽድ አጥር አድጎ አድጎ የእነክሊፎርድን ኩሽና አጨለመው። ክሊፎርድ ሄዶ ቢናገር፣ ሆራስ «ብርሃን ካማረህ አምፖል ግዛ» አለው። ክሊፎርድ ለማዘጋጃ ቤት አመለከተ፤ ማዘጋጃ ቤቱም አጥሩን አስቆረጠ። ሆራስ ልጁን ሲድር የመንገዱን ሰው ሁሉ ጠርቶ እነሱን ዘለላቸው። ከዚያ ወዲህ ዝም ዝም ነው።

«ይህ ለገዢዎቹ መነገር አለበት» አለች።

«ይሸሻሉ! ነፍሰ ጡር ይዘው ጠብ ያለበት ቤት ማን ይገባል?»

«ከሸሹ ዛሬ ይሽሹ። ከገቡ በኋላ ከሰሙት ፍርድ ቤት ያቆሙዎታል።»

«ከተማው ውስጥ ጠበቃ ሞልቷል፣ ወይዘሪት።»

«ሞልቷል፤ ጎበዞችም ናቸው። እነሱም ይኸንኑ ይነግሩዎታል። ይደብቁት የሚልዎት ካለ ግን እሱን ይፍሩት።»

ክሊፎርድ በሩን ድርግም አድርጎ ወጣ። ሌሊቱን ኢኒድ ስታስል እያዳመጠ ሁሉንም ተራገመ፤ ሆራስን፣ ጽዱን፣ ሴትዮዋን።

በማግስቱ በራቸው ተንኳኳ። ወይዘሪት ታክሪ የጭቃ ቦቲ ተጫምታ ቆማለች። የቤት ሽያጭ ጠበቃ ቤቱን በዓይኑ አያየውም፤ ከወረቀትና ከስልክ ውጭ ሥራው አይደለም። ይህች ግን «ጓሮውን ያሳዩኝ» አለች።

ሆራስ ከአጥሩ ማዶ መሰላል ላይ ወጥቶ ጽዱን ይከረክማል። ክሊፎርድ የኩሽናው በር ላይ ቀረ።

«ገዢዋ እርስዎ ነዎት?» አላት ሆራስ።

«የአቶ ሰግደን ጠበቃ ነኝ።»

«ደግሞ ሊከሰኝ ነው?»

«ቤቱን ሊሸጥ ነው።»

ሆራስ መቀሱን አወረደ። «ኢኒድ ደረጃው አቃታት፣ አይደል? ሌሊት ሌሊት ታች መብራት ሲበራ አያለሁ።»

«አጥሩን እንዲህ እንዲያሳጥሩ ማን አዘዘዎት?»

«ማዘጋጃ ቤት አንድ ጊዜ አስቆረጠኝ። ከዚያ ወዲህ ማንም አላዘዘኝም። መስኮቷን እንዳይጋርድባት ብዬ ነው።»

ወይዘሪት ታክሪ ወደ በሩ ዞረች። «አቶ ሰግደን፣ ጠቡ ካለቀ ቆይቷል፤ ወሬው እርስዎ ዘንድ ነው ያልደረሰው። ግን እኔ አልቋል ብዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ከሁለታችሁ አፍ መውጣት አለበት።» ይህን ብላ የግድግዳውን ስንጥቅ የምትመረምር መስላ ጀርባዋን ሰጠቻቸው።

ክሊፎርድ እንዲህ ያለ ነገር ከተማረ ሰው ጠብቆ አያውቅም። ብትሰብከው ኖሮ ያባርራት ነበር። ጀርባዋን ሰጥታ ስትቆም ግን ማምለጫ አጣ።

«ሆራስ» አለ።

«እ?»

«አጥሩ ደህና ነው።»

«ይችን ለማለት ነው ይኸን ሁሉ ዘመን የፈጀኸው?»

«አንተስ ልጅህን ስትድር…»

«አውቃለሁ። እናቷ እስከ ዛሬ ትወቅሰኛለች።» ሆራስ ከመሰላሉ ወረደ። «ወይዘሪት፣ ጠቡ አልቋል ብዬ የት ልፈርምልዎት?»

እሷም ነገሩን ሳትደብቅ፣ ሳትቀባባ ለገዢዎቹ ጠበቃ ጻፈች፤ አጥር ነበረ፣ ጠብ ነበረ፣ አልቋል፣ ጎረቤቱ ይኸው ፊርማው። ወጣቶቹ ባልና ሚስት ራሳቸው መጥተው ሆራስን አነጋገሩት። ሻይ አጠጣቸውና ስለ ጽድ አከራከም ሲያስረዳቸው አመሸ። አልሸሹም።

የቀረችው የትንሿ ቤት ባለቤት አሮጊቷ ነበረች። ውል በሚለዋወጡበት ቀን የእሷ ጠበቃ ሰኞ ይሁን እያለ ሲያንገራግር፣ ወይዘሪት ታክሪ አንዱን ስልክ በጆሮዋ ሌላውን በእጇ ይዛ ዋለች። ክሊፎርድ ቢሮዋ ተቀምጦ አያት። አልጮኸችም። «እጠብቃለሁ፣ ምሳዬን ይዤ ነው የመጣሁት» ብቻ ትላለች፤ ሰውዬውም በመጨረሻ ተረታ።

«በቃ፣ ተለዋውጠናል» አለችው። «ከእንግዲህ ማንም ወደ ኋላ አይልም።»

ክሊፎርድ የሚያማርርበት ነገር ፈለገ። ዕድሜ ልኩን አጥቶ አያውቅም፤ ያን ቀን ግን አንድም አላገኘ። ባርኔጣውን አነሳላት፤ ለጠበቃ ሲያነሳ የመጀመሪያው ነበር።

ቤት ሲደርስ ኢኒድ ሶፋው ላይ ቀና ብላ ጠበቀችው። ነገራት። ዓይኗን በመሐረብ ጠረገችና፣

«እንግዲያው ምን ትገተራለህ?» አለችው። «ውጣና የላዩን አልጋ ፍታ። እኔ እንደሆን ወደዚያ አልመለስም።»

ክሊፎርድ መፍቻውን ይዞ ደረጃውን ወጣ።